ለልጁ እናዋጣለን፤ ለበሽታው ጥናትስ?

ደሴ ላይ ከፒያሳ ወደ ሸዋበር የሚወስደውን መንገድ የሚያዘወትር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጎኑ ላይ ባነር የተወጠረበት ፒክአፕ ይቆማል። ከላይ ሞንታርቦ ተጭኗል። ባነሩ ላይ አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ከ1000 የሚጀምር የንግድ ባንክ ቁጥርና የቴሌብር ስልክ ተጽፏል። የቦርድ ወረቀቱም ማኅተሙ እንዲታይ ተደርጎ በጎን ተለጥፏል። ካርቶን የያዙ ልጆች በባጃጅ መሀል እየተሹለከለኩ ይለምናሉ። ሰዉም ይሰጣል። ባለሱቁ ከመሳቢያው፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ከመቀነቷ፣ ተማሪው ከታክሲ ብሩ። በዚህ በኩል ወሎዬ አይታማም።

ይህ ልማድ ስንቱን ልጅ አትርፏል። ልቡ ላይ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ብሩ ሞላለት፣ ሄደ፣ ተሰፋ፣ ተመለሰ። የሰጠው ሰውም ውጤቱን በዓይኑ አየ። ችግሩ የሚመጣው በሽታው በዘር ወይም በጂን (ሰውነት የሚሠራበት የዘር መመሪያ) ስህተት የሚመጣ፣ ከብዙ ሺህ ልጅ አንዱን ብቻ የሚይዝና ቁርጥ ያለ መድኃኒት የሌለው ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ልጁን የትም ብንልከው የሚጠብቀው መድኃኒት የለም። ብሩ መግባት የነበረበት ጥናት ላይ ነው። ለጥናት ደግሞ ማዋጣት አልለመድንም።

ደሴ አዲስ መድኃኒት የሚፈጥር ገንዘብ የላትም፤ ኮምቦልቻም የላትም። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም። ግን የጥናቱ መጀመሪያ የሆነውን ሥራ፣ ማለትም በሽታው ያለባቸውን ልጆች ፈልጎ ማግኘትና መመዝገብን፣ ለንደን ወይም ፓሪስ ያለ ላብራቶሪ ሊሠራልን አይችልም። እሱ እዚሁ፣ በእኛ መዋጮ የሚሠራ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ በሽታ ልያዝ። ዱሸን የሚባለው የጡንቻ በሽታ በግምት ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱን ይይዛል። ልጁ ሲወለድ ምንም አይታይበትም። ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይድሃል። በእግሩ መሄድ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ደረጃ ላይ ይለግማል። ባቱ ደንደን ያለ ስለሆነ ዘመድ «ማሻአላህ፣ ኳስ ተጫዋች ነው የሚወጣው» ይላል። ያ ውፍረት ግን ጉልበት አይደለም፤ በአብዛኛው የሞተውን ጡንቻ የተካ ስብና ጠባሳ ነው።

በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም መጀመሪያ ላይ መሣሪያ እንኳ አያስፈልገውም። ልጁን ወለሉ ላይ ያስቀምጠውና «እስቲ ተነሥ» ይለዋል። ጤነኛ ልጅ ብድግ ይላል። ይሄኛው መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል። ከዚያ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሣል። ቀጥሎ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ እየተከለ፣ በራሱ ገላ ላይ እየተንጠላጠለ ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህን አንዴ ልብ ብሎ ያየ ነርስ ዳግመኛ አይስተውም። ቀጥሎ ክሬቲን ካይኔዝ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ በነዚህ ልጆች ላይ መጠኑ ከልክ በላይ ይወጣል። ማረጋገጫው የጂን ምርመራ ነው።

ደሴ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆን እግሩ ይከዳዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ቢገኝ እንኳ በየትኛው ሜዳ ይነዳል? ትምህርት ቤት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በሽታው ሳይሆን መንገዱ ነው። ኋላ ላይ የመተንፈሻና የልብ ጡንቻ ይደክማል።

በዚህ መሀል ቤቱ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። «ዓይን ነው»፣ «እርግማን ነው»፣ «ከእናቱ ወገን ነው»። ሰባት ቤት ቆጥረው የተጋቡ ወላጆች «ታዲያ ከየት መጣ?» ብለው ይደነግጣሉ። ዱሸን የዘመድ ጋብቻ በሽታ አይደለም። ዲስትሮፊን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ያለው ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች ኤክስ በሚባለው ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል፤ ወንዱ ግን ያለው አንድ ነው። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ላይ ደግሞ ስህተቱ ከእናትም አልመጣም፤ አዲስ የተፈጠረ ነው። ከእናት ቢመጣስ ምን አጠፋች? ይህን ለአማቶች የሚያስረዳ ሰው ማግኘት በራሱ ግማሽ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ለዱሸን የመጀመሪያውን የጂን ሕክምና ፈቀደች። የአንድ ልጅ ዋጋ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ በሞንታርቦ የሚሰበሰብ ብር አይደለም። ደግሞም ፈዋሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መራመድ አቁመው የነበሩ ሁለት ልጆች ከወሰዱት በኋላ ጉበታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ፤ አጠቃቀሙም ጠበቅ እንዲል ተደረገ። ከዚህ ባነሰ ዋጋ ደግሞ በተለያዩ አገሮች «ስቴም ሴል እንሰጣለን» የሚሉ ክሊኒኮች አሉ። ለዱሸን መሥራቱ አልተረጋገጠም፤ ገንዘቡን ግን ይቀበላሉ። ቤት ተሽጦ፣ ሕዝብ ተለምኖ፣ ልጁ ሄዶ ይመለሳል። በሽታው እዚያው ነው። እኔ ሰው አትስጡ አልልም፤ ከመስጠታችሁ በፊት «ሕክምናው የተፈቀደ ነው ወይስ ገና ሙከራ?» ብላችሁ ጠይቁ ነው የምለው።

ታዲያ ለጥናት የተዋጣ ብር ምን ያመጣል? መልሱ ደሴ ያለ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ103 ወንድ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆነ። ፕሬድኒሶን የሚባለው የቆየ ርካሽ መድኃኒት የልጆቹን ጉልበት እንደሚያሻሽል አሳየ። ጥናቱን የደገፈው የአሜሪካው የጡንቻ በሽታ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ብሩን የሚያገኘው ከሕዝብ፣ ኮሜዲያኑ ጄሪ ሉዊስ በየዓመቱ በቴሌቪዥን ከሚመራው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጭምር ነበር። ዛሬ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ልጆቹ ተጨማሪ ዓመታት በእግራቸው እንዲሄዱ ያደርጋሉ። እኛ ጋ የሚገኘው የቅርብ ዘመዱ ፕሬድኒሶሎን ነው። ሐኪም ሳያዝ አይጀመርም፣ በድንገት አይቆምም፤ አጥንት ያሳሳል፣ ያወፍራል። ግን አለ። የኛ ልጅ ሳያገኘው የሚቀረው ከዋጋው ይልቅ በሽታው ሳይታወቅለት ስለሚቀር ነው።

ስለ ጥናት ሲወራ ሰው የሚያስበው ነጭ ጋውንና ማይክሮስኮፕ ነው። መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተናደደ ወላጅ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ዮላን ደ ኬፐር የተባለች እናት ልጆቿ በዱሸን ታመውባት እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ ለ29 ዓመት ያህል ቀስ እያለ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1987 ቴሌቶን የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረና በአንድ ዓርብና ቅዳሜ አገሩን ሁሉ አዋጣ። በዚያ ብር ዤኔቶን የተባለ የራሱን ላብራቶሪ አቆመ። ወላጆች የሚመሩት ማኅበር፣ የራሱ ላብራቶሪ! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ፕሮጄሪያ የተባለው ያለ ዕድሜ የሚያስረጅ በሽታ የያዘው ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ድርጅት አቋቋሙ። በ2003 ጂኑ ተገኘ፤ በ2020 የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ። በሽታው በመላው ዓለም የያዘው ጥቂት መቶ ልጅ ነው። ልጃቸው ግን መድኃኒቱ ከመፈቀዱ በፊት በ2014 በ17 ዓመቱ ሞቷል። ለጥናት የሚያዋጣ ወላጅ ይህን አምኖ ነው የሚገባበት።

ታሪኩ ሁሉ ማር አይደለም። የዤኔቶን ተመራማሪዎች የረገጡት መንገድ ጡንቻን የሚያደክም ሌላ የልጆች የነርቭ በሽታን ለሚያክም የጂን መድኃኒት ረድቷል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰው በየቤቱ ያዋጣበት ጥናት ሰው የማይደርስበት ዋጋ ይዞ ተመለሰ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለተባለው የሳንባ በሽታ የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር በበኩሉ ብልጥ ነበር። ለመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ ሲሰጥ ከሽያጩ ድርሻ እንዲኖረው ተዋዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ድርሻ 3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። ቢሆንም የመድኃኒቱ ዋጋ ለብዙ አገር አሁንም አይቀመስም። ስለዚህ ለጥናት የሚያዋጣ ሰው ከመጀመሪያው «ውጤቱ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ትንሽ ብር የሰጠም ቢሆን።

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» የሚል አለ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ያስታውስ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአቅጣጫው ይመጡበት የነበረ ቦታ ነው። በዚያው በሽታ ላይ ለመመራመር አዲስ አበባ ላይ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቆም፣ ያነሣሡት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። በጎ አድራጊዎች ያነሣሡት የምርምር ቤት ነው ማለት ነው። ዛሬ ትልቅ አገራዊ ተቋም ሆኗል። የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ማዕከል ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት ሕዝቡን እየለመኑ እንዳቆሙትም አገር ያውቃል። መዋጮ ከአንድ ልጅ አልፎ ተቋም ሊሆን እንደሚችል አይተናል።

የልጆቹ መዝገብ ለምን ቀዳሚ እንደሚሆን ላስረዳ። የዱሸን ጂን 79 ቁርጥራጮች አሉት። አንዱ ልጅ የጎደለው 45ኛው፣ ሌላው 50ኛው ሊሆን ይችላል። ከወጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ለተወሰነ ጉድለት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈቀደው አንዱ የሚመለከተው ከልጆቹ 13 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ አጥኚዎች ሙከራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያዩት መዝገብ ነው፦ ይህ ጉድለት ያለበት ልጅ የት አለ? ዕድሜው ስንት ነው? ይራመዳል? እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የየአገሩን መዝገብ የሚያገናኝ ትሪት ኤንኤምዲ የሚባል መረብ አለ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ዛምቢያ የለንደንና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚመሩት የጡንቻና ነርቭ በሽታዎች የጂን ጥናት ጋር ተሳስረዋል። ዛምቢያ ከቻለች እኛን የሚከለክለን ምንድን ነው? ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ለሙከራ አይጠራም። መድኃኒት ርካሽ ሆኖ ሊከፋፈል ቢመጣ እንኳ ለስንት ልጅ እንደሚጠየቅ አይታወቅም።

ለስሌት ያህል፣ በአንድ አካባቢ በዓመት 50,000 ልጅ ተወለደ እንበል። ግማሹ ወንድ ቢሆን 25,000 ነው። ከነሱ 5 ያህሉ ዱሸን ይኖራቸዋል ማለት ነው። ደቡብ ወሎ በ1999ኙ ቆጠራ ብቻ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ስለዚህ ልጆቹ አሉ። ኩታበር፣ ሐይቅ፣ ሐርቡ፣ ገራዶ፣ አንድ ቤት ውስጥ አንድ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማች። «ሰነፍ ነው» እየተባሉ፣ ወይ ጠበልና ዱዓ ላይ ናቸው። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ስማቸውም ይመዝገብ።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ የማይደረስበት አይደለም። ለአንድ ነርስ አበል፣ ለደም ምርመራው፣ ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ መሳፈሪያና ምሳ፣ የጂን ምርመራ ናሙና ለሚላክበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ሐኪም ያሠለጥናል፣ ኮምቦልቻ ላይ የኮምፒዩተር ልጆች ያስተምራል። መዝገቡን የሚሠራ ተማሪ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቅጂው ሌላ ከተማም ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። እንዲህ ያለ መዝገብ አንድ ክፍል ውስጥ አይተውም።

ከባዱ ሥራ ብሩን መጠየቁ ላይ ነው። «ይህ ልጅ እንዲድን» ሲባል ሰው እጁ ይፈታል። «ልጆቹ እንዲመዘገቡና እንዲጠኑ» ሲባል ይቀዘቅዛል። ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገቡ ልጆች ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር በአንድ የሚያለቅስ ልጅ ፊት ይተኩታል። አሜሪካ ውስጥ እነዚያን ብር የሚያሰባስቡ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ክፉኛ የተቹት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ትንሽ ሳሉ ለፎቶ ይቀርቡ የነበሩ፣ ኋላ ያደጉ የበሽታው ባለቤቶች ናቸው። «ብር ለማግኘት ስትሉ እኛን ለማኝ አደረጋችሁን» አሉ። የኛም ልጅ ነገ ሲያድግ ፎቶው ስልክ ላይ ይጠብቀዋል። ፊቱን ሳያሳዩ መጠየቅ ይቻላል፤ ብሩ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ይቀንስ!

እኔ ተስፋ የማደርገው ሞንታርቦውን አይደለም፤ ቅሬውንና እድሩን ነው። እድር የሚከፍል ሰው ማን መቼ እንደሚሞት አያውቅም። ያም ሆኖ ወር በገባ ይከፍላል፤ ያላየውን ነገር ቀድሞ ይከፍላል። ለጥናት የሚዋጣ ብርም ጠባዩ ይህ ነው፦ ትንሽ፣ የማይቋረጥ፣ ውጤቱ ሩቅ። ከወርኃዊው መዋጮ ላይ ለዚህ ጥቂት ብር ለመጨመር አንድ ስብሰባ ይበቃል። ኮምቦልቻ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው ስላሉ በሺዎች የሚቆጠር ደሞዝተኛ አለ። ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ ፈርሞ ከደሞዙ 10 ብር ቢቆረጥለት አይጎዳውም። በግድ ከተቆረጠ ግን ነገሩ ያኔውኑ ይሞታል፤ የግዴታ መዋጮ ሰው አንገፍግፎታል። ዘካ ለጥናት ይሆናል ወይ የሚለውን ለዑለሞች እንተወው። ሰደቃ ለሚሰጥ ግን በሩ ክፍት ነው።

ከዚያ አደራው አለ። ሰው ሲጠራጠር ያለ ምክንያት አይደለም። ብሩ በአጎት የግል ሒሳብ ይገባል፣ ስክሪንሾት ይለጠፋል፣ ከዚያ ዝም። ልጁ ቢሞት ቀሪው ብር የት ይገባል? ይህን አስቀድሞ የሚጽፍ ኮሚቴ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ሒሳብ ይከፈት፦ አንዱ ለልጆቹ እንክብካቤ፣ ለመድኃኒትና ለተሽከርካሪ ወንበር፤ አንዱ ለጥናቱ። አይቀላቀሉ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሆኖ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መፈቀድ ይቻላል፤ ድርጅት ሆኖ መመዝገብም እንዲሁ። ለድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። እኔ ብጠየቅ ከ10 እንዳያልፍ እላለሁ። የገባውና የወጣው በየወሩ ቴሌግራም ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ታትሞ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፍ። ሁሉም ሰው ስልክ የለውም።

ከብሩ እኩል የሚያሳስበው ደሙ ነው። የልጅ ናሙና ውጭ አገር ከሄደ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የታየ ስምምነት ይኑር። ወላጅ በሚገባው አማርኛ፣ ኦሮምኛም ከሆነ በኦሮምኛ፣ ተነግሮት ይፈርም። «ውጤቱ ይነገረኛል? ስሙ ይወጣል? ነገ አልፈልግም ብል ይጠፋልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ከፊቱ ይኑር። ደም ወስዶ የጠፋ አጥኚ አንዴ ከመጣ፣ ያ ቀበሌ ለሁለተኛው በሩን አይከፍትም።

ጥቂት ሰው የሚይዙ በሽታዎች በዓለም ደረጃ የሚታሰቡት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ በሚያልቅበት ቀን ነው፤ በኛ አቆጣጠር ምንጊዜም የካቲት 21። የማርያም ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል፤ ከዓድዋ በዓል ሁለት ቀን በፊት ስለሆነ ከተማውም ሞቅ ይላል። ከዚያ ቀን በፊት ባለው ጁምዓ መስጊድ ላይ ማስነገር ይቻላል። ያን ቀን አንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ «ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ወንድ ልጅ ያላችሁ ኑ» ቢባል፣ ሁለት ነርስና አንድ የሕፃናት ሐኪም ይበቃሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምልክቱን በግማሽ ቀን ሥልጠና ይይዙታል፤ ከወረዳ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ ደም ሰጠ፣ ስንቱ ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ብር ወጣ የሚለው በሳምንቱ ይለጠፋል። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት ሦስት ልጆች ብቻ ከሆኑም፣ ሦስት ተብሎ ይለጠፋል።